ማኅበራዊ ሳይንስን፣ ታሪክንና ጂኦግራፊን በየክፍል ደረጃው የማስተማር መመሪያ

አንድ ተማሪ የካርታ ክፍሎችን በ4ኛ ክፍል ይማራል፤ ርዕስ፣ ቁልፍ፣ ስኬል፣ አቅጣጫ አመልካች ብሎ ይዘረዝራል። በ7ኛ ክፍል እነዚያኑ ይማራል፣ በ9ኛም ይደገሙለታል። ይህን ልጅ በትምህርት ቤቱ ግቢ መሐል አቁመው «ሰሜን በየት በኩል ነው?» ቢሉት ግን ግራ ተጋብቶ ዙሪያውን ያማትራል፤ አንዳንዱም ጣቱን ወደ ሰማይ ይቀስራል፤ በግድግዳው ካርታ ላይ ሰሜን የሚገኘው ከላይ ነውና። የታሪኩም ነገር ከዚህ አይለይም። ጦርነቱ የተደረገበትን ዓመት በሦስት የተለያዩ ክፍሎች የሸመደደ ተማሪ፣ ያ ዓመት በምን ማስረጃ እንደታወቀ አንድም ጊዜ ሳይጠየቅ ትምህርቱን ይጨርሳል።

ይህ መመሪያ የሚነሣው ከአንድ እምነት ነው፦ ከክፍል ወደ ክፍል ማደግ ያለበት ተማሪው የሚሸከመው የስምና የዓመት ብዛት ሳይሆን፣ በእነዚያ ስሞችና ዓመታት እንዲሠራ የሚጠየቀው ሥራ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ደረጃዎች በየክፍሉ ምን ይዘት እንደሚሸፈን አይወስኑም፤ ይዘቱን መርሐ ትምህርቱ ወስኖታል። የሚያሳዩት ያው ይዘት በ2ኛ፣ በ6ኛ እና በ11ኛ ክፍል ምን ያህል የተለየ ሥራ ሊሆን እንደሚችል ነው።

ደረጃ 1፦ መጽሐፉን ከመግለጥ በፊት የምዕራፉን ጥያቄ መጻፍ

የዓመቱን ዕቅድ ሲያዘጋጁ በመጀመሪያ ሦስት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ይሥሩ፤ ዓምዶቹም ጊዜ፣ ቦታ እና ማስረጃ ይባሉ። ለእያንዳንዱ ምዕራፍ በሦስቱም ዓምዶች ሥር፣ ተማሪው በምዕራፉ መጨረሻ ሊሠራው የሚችለውን ነገር በአንድ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይግለጹ። ዐረፍተ ነገሩ «ያውቃል» ወይም «ይገነዘባል» በሚል ግሥ እንዳያልቅ ይጠንቀቁ፤ መገንዘብን በዓይን ማየት አይቻልም። «ይለካል»፣ «በቅደም ተከተል ያስቀምጣል»፣ «ያነጻጽራል»፣ «ማስረጃ ጠቅሶ ይከራከራል» የሚሉት ግሦች ግን መምህሩ ተማሪው ሲያደርጋቸው ሊያያቸው የሚችላቸው ናቸው።

ከዚያ በኋላ የምዕራፉን ርዕስ ወደ ጥያቄ ይለውጡ። «ጥንታዊ ሥልጣኔዎች» የሚለው ርዕስ ለምሳሌ «ከጥንቶቹ ታላላቅ ከተሞች ብዙዎቹ በወንዝ ዳር የተቆረቆሩት ለምንድን ነው?» ሊባል ይችላል። ይህ አንድ ጥያቄ በየደረጃው የሚያሠራው ሥራ ይለያያል። የ3ኛ ክፍል ተማሪ ሰው ውኃን ለምን ለምን እንደሚፈልገው ዘርዝሮ በሥዕል ያሳያል። የ7ኛ ክፍሉ ናይልን፣ ጤግሮስን፣ ኤፍራጥስንና ኢንደስን በካርታ ላይ ፈልጎ፣ የዝናቡን ካርታ ከከተሞቹ ካርታ ጋር ያስተያያል። የ11ኛ ክፍሉ ደግሞ ማብራሪያውን ራሱን ይፈትናል፤ የኢንካ መንግሥት ማዕከል የነበረችው ኩዝኮ በአንዲስ ተራሮች ላይ ወደ 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ መሆኗን ሲያይ፣ ትልቅ ወንዝ ለታላቅ መንግሥት የግድ ያስፈልጋል ወይ ብሎ ለመጠየቅ ይገደዳል። ሦስቱም ተማሪዎች «ስለ ሥልጣኔ ተማሩ» ይባላል፤ የሠሩት ግን ፈጽሞ አንድ አይደለም።

ደረጃ 2፦ በታችኛው ክፍል ቦታን በእጅና በእግር ማስተማር

ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያሉ ልጆች ትልቁ እንቅፋት ካርታ ከላይ ወደ ታች የታየ ነገር መሆኑ ነው። ልጅ ቤትን ሲሥል በርና መስኮት ይሥላል፤ ከፊት ለፊቱ ያየውን ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት ካርታ አይምጣበት። ጠረጴዛ ላይ አንድ ሣጥን፣ አንድ ኩባያና አንድ መጽሐፍ ያስቀምጡ፤ ልጆቹ መጀመሪያ ተቀምጠው ከጎን ያዩትን ይሣሉ፣ ቀጥሎ በየተራ ተነሥተው ቁልቁል እየተመለከቱ ይሣሉ። ኩባያው ክብ ብቻ ሆኖ ሲቀር፣ ጆሮውም እንደ ትንሽ ጭራ ወደ ጎን ሲወጣ ያያሉ። ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን ለጥፎ ልዩነታቸውን ማስጠየቅ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ቢወስድ እንኳ የባከነ ጊዜ አይደለም።

ቀጥሎ የመማሪያ ክፍሉን በእርምጃ ያስለኩ። ልጆቹ ቁመቱንና ወርዱን በእርምጃ ቆጥረው፣ አንዱን እርምጃ በደብተራቸው ላይ በአንድ ካሬ ይወክሉታል። የልጆቹ ቁጥር እርስ በርሱ አይገጥምም፤ ረጅሙ 11፣ አጭሩ 14 ይላል። መምህሩ እዚህ ላይ ቸኩሎ ትክክለኛውን ቁጥር መናገር የለበትም። ልጆቹ «ለምን ተለያየ?» ብለው ተከራክረው የጋራ መለኪያ እንደሚያስፈልግ ራሳቸው ይድረሱበት፤ ሜትር የሚባለው ነገር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

አቅጣጫን ለማስተማር ፀሐይ የወጣችበት ቀን ይበቃል። በግቢው ደልዳላ ቦታ ላይ አንድ ሜትር የሚሆን እንጨት ቀጥ አድርገው ይትከሉ፤ የጥላው ጫፍ ያረፈበትን ቦታ በጠጠር ምልክት ያድርጉበት። ከ20 ደቂቃ በኋላ ጥላው ይንቀሳቀሳል፤ አዲሱን ጫፍም በሌላ ጠጠር ምልክት ያድርጉበት። ከመጀመሪያው ጠጠር ወደ ሁለተኛው የሚሰመረው መስመር በግምት ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ያመለክታል። ልጁ በግራ እግሩ የመጀመሪያውን፣ በቀኝ እግሩ ሁለተኛውን ጠጠር ይዞ ቢቆም ፊቱ ወደ ሰሜን ነው። ይህን በእግሩ የቆመበት ልጅ ከዚያ በኋላ ሰሜንን ሰማይ ላይ አይፈልግም።

የመጀመሪያውን ካርታ ግድግዳ ላይ ከመስቀል ይልቅ ወለል ላይ መዘርጋትን እመክራለሁ፤ ይህን የተማርኩት በራሴ ስሕተት ነው። አንድ ጊዜ የናይልን ጉዞ ከደቡብ ወደ ሰሜን በግድግዳ ካርታ ላይ በእርሳስ እየተከተልኩ ሳስረዳ፣ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ውኃ ሽቅብ ይፈሳል እንዴ?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀበት፤ የሳቁት ልጆች ግን መልሱን አያውቁም ነበር። ካርታውን አውርደን ሰሜኑን ጥላው ወደነገረን ሰሜን አዙረን ወለል ላይ ስናነጥፈው፣ «ላይ» እና «ታች» የሚሉት ቃላት ቦታቸውን ለ«ሰሜን» እና ለ«ደቡብ» ለቀቁ። ለትልልቆቹ ክፍሎች ደግሞ አል ኢድሪሲ በ1154 ለሲሲሊው ንጉሥ ለዳግማዊ ሮጀር የሠራው የዓለም ካርታ ደቡብን ከላይ ያደረገ መሆኑን ማሳየት ያስፈልጋል፤ ሰሜን ከላይ መሆኑ የሰዎች ስምምነት እንጂ የተፈጥሮ ሕግ እንዳልሆነ ያኔ ይገባቸዋል።

ደረጃ 3፦ ጊዜን በገመድ፣ ቀጥሎ በመስመር፣ ቀጥሎ በሒሳብ

ለትንንሽ ልጆች «ከመቶ ዓመት በፊት» እና «ከሺህ ዓመት በፊት» የሚሉት አባባሎች ሁለቱም «በድሮ ጊዜ» ማለት ናቸው። በ1ኛና በ2ኛ ክፍል ገመድ ይጠቀሙ። በየስንዝሩ አንድ ቋጠሮ ይቋጠር፤ አንዱ ቋጠሮ አንድ ዓመት ነው። የ7 ዓመት ልጅ የራሱን ሰባት ቋጠሮዎች ይቆጥርና ጥርሱ የወለቀበትን፣ ትምህርት ቤት የገባበትን ቋጠሮ በክር ያስራል። ከዚያ የ70 ዓመት ሰው ገመድ ሲዘረጋ ከክፍሉ በር ሊወጣ ይችላል፤ ልጆቹ በዚህ መደነቃቸው አይቀርም።

በ5ኛና በ6ኛ ክፍል ገመዱ ስለማይበቃ ልኬቱ መለወጥ አለበት፤ ይህ ራሱ ስለ ስኬል የሚሰጥ ትምህርት ነው። አንድ ሴንቲሜትር 100 ዓመት ይሁን። የጊዛ ፒራሚዶች ከተሠሩ ወደ 4,500 ዓመት ገደማ ስለሆናቸው 45 ሴንቲሜትር ርቀው ይቀመጣሉ፤ ይህ በሰሌዳው ላይ በቀላሉ ይሠፍራል። ከዚያ ተማሪዎቹን በ1974 በሐዳር የተገኘችው ሉሲ የት ላይ እንደምትቀመጥ ያስሉ ዘንድ ይጠይቋቸው። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ስለሆነ መልሱ 320 ሜትር ነው። ክፍሉን ይዘው ወጥተው ይህን ርቀት በእግር ቢያስኬዷቸው፣ «ቅድመ ታሪክ» የሚለው ቃል ከሰሌዳው ላይ ካለው 45 ሴንቲሜትር ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም።

ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ሁለት የሒሳብ ወጥመዶችን ለይቶ ማስተማር ይገባል። የመጀመሪያው ዜሮ ዓመት የሌለ መሆኑ ነው። አውግስጦስ ቄሣር ከ27 ዓመተ ዓለም እስከ 14 ዓመተ ምሕረት ገዛ ሲባል ተማሪው 27 እና 14 ደምሮ 41 ይላል፤ ነገር ግን ከ1 ዓመተ ዓለም ቀጥሎ የሚመጣው 1 ዓመተ ምሕረት ስለሆነ ትክክለኛው 40 ነው። ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ልዩነት ነው። የሩሲያው «የጥቅምት አብዮት» እኛ ዛሬ ኖቬምበር 7 ቀን 1917 በምንለው ዕለት የተደረገ ነው፤ ሩሲያ በወቅቱ ትጠቀምበት በነበረው የዩልዮስ አቆጣጠር ዕለቱ ኦክቶበር 25 ስለነበረ ስሙ እንደዚያው ቀረ። በተመሳሳይ የዓድዋ ጦርነት በአንዱ መጽሐፍ 1888፣ በሌላው 1896 ተብሎ ሲገኝ ሁለቱም ትክክል ናቸው። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ዓመት በጻፈ ቁጥር የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ የመጻፍ ልማድ ቢኖረው ተማሪውም ይለምደዋል። በዚህ መመሪያ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ለይቶ ካልተገለጸ በቀር፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 4፦ በመካከለኛው ክፍል ልኬት፣ ከፍታና ሰዓት

ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ተማሪው ያን በእርምጃ የለካውን ክፍል በእውነተኛ ስኬል ይሣለው። ቁመቱ 8 ሜትር፣ ወርዱ 6 ሜትር የሆነ ክፍል በ1፡50 ስኬል 16 በ12 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ በ1፡100 ደግሞ 8 በ6። ቁጥሩ ሲያድግ ሥዕሉ ማነሱን ተማሪው በእጁ ሠርቶ ስለሚያየው፣ «ትልቅ ስኬል ያለው ካርታ» ትንሽ ቦታን አጉልቶ የሚያሳየው መሆኑ በኋላ ሲነገረው አይደናገርም። ይህ ነጥብ በፈተና ላይ ብዙ ተማሪ የሚሳሳትበት ነው፤ ስሕተቱ የሚመነጨውም ትርጉሙን ከሥራው በፊት ከመስጠት ነው።

የከፍታ መስመሮችን ለማስተማር ደረቅ፣ ጉብታ ያለው ድንጋይና ጎድጓዳ ገንዳ ያዘጋጁ። ድንጋዩን ገንዳው ውስጥ ያስቀምጡና ውኃ በ2 ሴንቲሜትር ከፍታ ያፍስሱ፤ ውኃው የደረሰበትን ዙሪያውን በማርከር ያስምሩ። እንደገና 2 ሴንቲሜትር ይጨምሩ፣ እንደገና ያስምሩ። ድንጋዩ ከመስጠሙ በፊት አራት ወይም አምስት መስመሮች ይኖሩታል። ከዚያ ውኃውን ደፍተው፣ ተማሪዎቹ ከድንጋዩ በላይ ቆመው ቁልቁል ያዩትን ይሣሉ። ድንጋዩ ቀጥ ባለበት በኩል መስመሮቹ ተጠጋግተው፣ ተዳፋቱ ቀለል ባለበት በኩል ተራርቀው ይታያሉ። ጥንቃቄ የሚያሻው አንድ ነገር አለ፤ እርጥብ ድንጋይ ላይ ማርከር ስለማይጽፍ መስመሩ ከውኃው ጠርዝ ለጥቂት ከፍ ብሎ በደረቁ ክፍል ላይ መሰመር አለበት።

ኬክሮስና ኬንትሮስ በትርጉም ብቻ ሲሰጡ ከሁሉ የበለጠ አሰልቺ ርዕስ ይሆናሉ፤ ከሰዓት ጋር ሲያያዙ ግን ሕይወት ይዘራሉ። ምድር 360 ዲግሪውን በ24 ሰዓት ስለምትሽከረከር በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ፣ በአራት ደቂቃ አንድ ዲግሪ ትዞራለች። ተማሪው ይህን ካሰላ በኋላ አንድ እንቆቅልሽ ይስጡት። በ1519 በማጄላን መሪነት በአምስት መርከቦች የተጀመረው ጉዞ በ1522 ሲፈጸም፣ ዓለምን ዞራ የተመለሰችው «ቪክቶሪያ» የምትባለው መርከብ 18 ሰዎችን ይዛ ነበር። መርከበኞቹ በመመለሻቸው ኬፕ ቬርድ ደሴቶች ሲደርሱ፣ በመዝገባቸው ዕለቱ ረቡዕ ሆኖ ሳለ የደሴቱ ሰዎች ሐሙስ ነው አሏቸው። ቀን ያልዘለሉት ሰዎች አንድ ቀን እንዴት ጠፋባቸው? ወደ ምዕራብ እየተጓዙ እንደነበር ብቻ ይንገሯቸውና ሉሉን በእጃቸው ይስጧቸው። መልሱን ካገኙ በኋላ ዓለም አቀፉ የቀን መለወጫ መስመር ለምን እንዳስፈለገ፣ በ1884 በዋሽንግተን የተደረገው ጉባኤም ግሪኒችን የኬንትሮስ መነሻ አድርጎ ለምን እንደመረጠ ማንሣት ይቻላል።

ስለ ወቅቶች ሲያስተምሩ አንድ የቃል ጥንቃቄ ያድርጉ። በአማርኛ «ክረምት» እና «በጋ» ስንል በመጀመሪያ የሚታሰበን ዝናብና ድርቀት ሲሆን፣ ከሌላ ቋንቋ የተመለሱ መጻሕፍት ግን ቃላቱን ለቅዝቃዜና ለሙቀት ወቅት ይጠቀሙባቸዋል። ይህ ካልተብራራ ተማሪው አንዱን ዐረፍተ ነገር በሌላው ያፈርሰዋል። የወቅቶችን መፈራረቅ ምድር ለፀሐይ ከመቅረቧና ከመራቋ ጋር የሚያያይዝ ተማሪም አይጠፋም፤ እሱን ለማረም አንድ ሐቅ ይበቃል። ምድር ለፀሐይ እጅግ የምትቀርበው በጃንዋሪ መጀመሪያ፣ ወደ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ስትሆን ነው፤ ያኔ ግን ሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ ቅዝቃዜ ላይ ነው። ምክንያቱ የዛቢያዋ ዘንበል ማለት፣ ማለትም 23.5 ዲግሪው ነው።

ደረጃ 5፦ «በምን አወቅን?» የሚለውን ጥያቄ ማስለመድ

ማስረጃን መመርመር የላይኛው ክፍል ሥራ ብቻ ነው የሚለውን አስተሳሰብ አልቀበልም። በ3ኛ ክፍል፣ በዕረፍት ሰዓት የተደረገውን አንድ ጨዋታ ሁለት ልጆች ለየብቻ ይተርኩ፤ ክፍሉ የተስማሙበትንና የተለያዩበትን ይለይ። አንዱ ግብ ያስቆጠረ፣ ሌላው ግብ የገባበት ከሆነ ትምህርቱ ራሱን ያስተምራል። ከዚህ በኋላ «የታሪክ ምንጭ» የሚለው ቃል ለልጁ ባዶ ቃል አይሆንበትም።

በላይኛው ክፍል ግን ሰነድ ያስፈልጋል፤ ለዚህም ሜይ 2 ቀን 1889 በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣልያ መካከል የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ እጅግ የሚመች ነው። አንድ ውል፣ ሁለት ቋንቋ፣ አንድ ግሥ የተለያየበት። በአንድ ክፍለ ጊዜ እንደሚከተለው ሊሠራበት ይችላል።

በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ስለ ጦርነቱ ምንም ሳይናገሩ የሁለቱን ቅጂዎች ፍሬ ነገር ሰሌዳው ላይ በግራና በቀኝ ይጻፉ። በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች የአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል»፤ በኢጣልያንኛው ግን በኢጣልያ በኩል ለማድረግ ተስማምተዋል፣ ማለትም ግዴታ ገብተዋል። ቀጥለው ተማሪዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው አንድ ጥያቄ ብቻ ይሥሩ፦ በግራው ቅጂ መሠረት ንጉሠ ነገሥቱ ለሌላ አገር መሪ በቀጥታ ደብዳቤ ቢጽፉ ውሉን አፍርሰዋል? በቀኙስ? ለዚህ ዐሥር ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ብቻ የሰነዱን ዙሪያ ያስጠይቁ፤ ማን ጻፈው፣ ለማን፣ መቼ፣ እያንዳንዱ ወገን ከውሉ ምን ይፈልግ ነበር? በቀሪው ጊዜ ቅደም ተከተሉን ያቅርቡ፦ ኢጣልያ አንቀጹን ይዛ ኢትዮጵያን በጥበቃዋ ሥር አድርጌአለሁ ማለቷ፣ ምኒልክ ውሉን መሠረዛቸው፣ የ1896ቱ የዓድዋ ጦርነት፣ በዚያው ዓመት ኦክቶበር 26 የውጫሌን ውል የሻረው የአዲስ አበባ ስምምነት።

ብዙ መምህራን ይህን ርዕስ ከጦርነቱ ጀምረው ወደ ኋላ ይመለሱበታል። እንዲያ ሲሆን ተማሪው መልሱን አስቀድሞ ስለሚያውቅ ሰነዱን አያነበውም፤ ጌጥ ሆኖበት ያልፋል። ሰነዱ መቅደም አለበት። በሥራው መጨረሻ አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ቢተውም መልካም ነው፤ ልዩነቱ የተርጓሚ ስሕተት ነበር ወይስ ሆን ተብሎ የተደረገ? ይህን ለመወሰን ሌላ ምን ዓይነት ሰነድ ማየት እንደሚያስፈልግ ተማሪዎቹ ዘርዝረው ይምጡ፤ የቤት ሥራቸው ይህ ነው።

ደረጃ 6፦ ታሪክንና ጂኦግራፊን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ማገናኘት

ከ9ኛ ክፍል በኋላ ሁለቱ ትምህርቶች በተለያዩ መምህራን ስለሚሰጡ ተማሪው ግንኙነታቸውን ይረሳል። በየወሰነ ትምህርቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ሁለቱ መምህራን አብረው የሚያቅዱት ሥራ ይኑር።

ከማውቃቸው ሁሉ የተሻለው የ1854ቱ የለንደን ኮሌራ ነው። ሐኪሙ ጆን ስኖው በሶሆ ሠፈር የሞቱትን ሰዎች አድራሻ እየዞረ መዘገበ፤ በኋላም በካርታ ላይ አሰፈራቸው። ምልክቶቹ በብሮድ ስትሪት ባለው የውኃ ፓምፕ ዙሪያ ተከማቹ። በወቅቱ አብዛኛው ሰው በሽታው በመጥፎ አየር ይመጣል ብሎ ያምን ነበር። ለተማሪዎቹ የመንገዶቹን ንድፍ፣ የሟቾቹን ነጥቦችና የፓምፖቹን ቦታ የያዘ ወረቀት ይስጧቸውና ምንጩን ራሳቸው ይፈልጉት። ሲያገኙት ደስታቸውን ለማቀዝቀዝ ሁለት ነገር ይጨምሩላቸው። አንደኛ፣ ከፓምፑ አጠገብ የነበረው የቢራ ፋብሪካ ሠራተኞች ብዙም አልታመሙም፤ ይህ የስኖውን ሐሳብ ያፈርሳል ወይስ ያጠናክራል? (ሠራተኞቹ የሚጠጡት ቢራ ነበር።) ሁለተኛ፣ የፓምፑ እጀታ ሴፕቴምበር 8 ሲነቀል ወረርሽኙ ቀድሞውኑ እየቀነሰ ነበር። እንግዲህ «እጀታው ተነቀለ፣ በሽታው ቆመ» ብሎ መጻፍ ይቻላል? በካርታ ላይ ጎን ለጎን መገኘትና ምክንያት መሆን አንድ አለመሆናቸውን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ከዚህ ሌላ የታምቦራ እሳተ ገሞራ አለ፤ በኤፕሪል 1815 በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ ፈንድቶ፣ በ1816 በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ሙቀት የጠፋበትና ሰብል ያልደረሰበት ዓመት አስከትሏል። የመርካተርም ካርታ ቸል መባል የለበትም። በ1569 ለመርከበኞች የተሠራው ይህ ካርታ የኮምፓስ አቅጣጫን ቀጥ ባለ መስመር ያሳያል፤ በምትኩ ግን ከምድር ወገብ የራቁትን ቦታዎች ያገዝፋል። ግሪንላንድ ከአፍሪካ ጋር የተስተካከለች መስላ ትታያለች፤ በስፋት ግን አፍሪካ 14 ጊዜ ያህል ትበልጣታለች። ተማሪው ካርታው «ውሸታም» ነው ብሎ እንዳይደመድም፣ ለምን ሥራ እንደተሠራ ይጠየቅ።

ደረጃ 7፦ አከራካሪ ርዕሶችን ማስተናገድ

ክርክር የሚያስነሣ ርዕስ ከመጀመሩ በፊት ሦስት ደንቦች ሰሌዳ ላይ ይጻፉ፦ የሚተቸው ሐሳቡ እንጂ ተናጋሪው አይደለም፤ የቀረበ ሐሳብ ሁሉ ማስረጃ ይጠየቅበታል፤ ማንም ተማሪ የወገኑ ወይም የሃይማኖቱ ጠበቃ እንዲሆን አይገደድም። በተለይ ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በክፍሉ ውስጥ ከአንድ ወገን የሆነ አንድ ተማሪ ብቻ ሲኖር፣ መምህሩ «አንተ ምን ትላለህ?» ብሎ ወደሱ መዞሩ በጎ ሐሳብ ቢመስልም ልጁን ችሎት ፊት ማቆም ነው። ተማሪዎች በዕጣ የደረሳቸውን አቋም እንዲከላከሉ፣ በአጋማሹም ቦታ እንዲለዋወጡ ማድረግ ሙቀቱን ያበርዳል።

ደረጃ 8፦ ፈተናውን ከትምህርቱ ጋር ማስማማት

ዓመቱን ሙሉ በዚህ መንገድ አስተምሮ በመጨረሻ «የበርሊን ጉባኤ የተካሄደው መቼ ነው?» ብሎ መፈተን ልፋቱን ሁሉ ያፈርሳል፤ ተማሪ የሚያጠናው የሚፈተነውን ነው። በምትኩ የአፍሪካን የ1880 እና የ1914 የፖለቲካ ካርታዎች ጎን ለጎን ያቅርቡና ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ምን ተለወጠ? ከኖቬምበር 1884 እስከ ፌብሩዋሪ 1885 የተደረገው ጉባኤ ለዚህ ለውጥ ምን ያህል ድርሻ አለው? ካርታዎቹ የማይነግሩን ምንድን ነው? ጎበዙ ተማሪ በጉባኤው ላይ አንድም አፍሪካዊ ተወካይ እንዳልነበረ፣ ከድንበሮቹም አብዛኞቹ በጉባኤው አዳራሽ ሳይሆን በኋላ በተደረጉ ውሎች እንደተሰመሩ ይጠቅሳል። ዓመቱን የማያውቅ ተማሪ ይህን ጥያቄ መመለስ ስለማይችል፣ ሐቅን ማወቅ ዋጋ ያጣል የሚለው ሥጋት መሠረት የለውም።

ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ከ10 ነጥብ እኔ የምሰጠው 4 ለማስረጃ አጠቃቀም፣ 3 ለምክንያት ትስስር፣ 2 ለሐቁ ትክክለኛነት፣ 1 ለአጻጻፍ ነው። ክፍፍሉን መምህሩ እንደየደረጃው ሊለውጠው ይችላል፤ ተማሪዎቹ ግን ከፈተናው በፊት ሊያውቁት ይገባል። የምርጫ ጥያቄ ፈጽሞ ይቅር አልልም፤ 60 ተማሪ ላለው ክፍል በየሳምንቱ ድርሰት ማረም የሚቻል አይደለም። በወር አንድ ጊዜ፣ ከአንድ አንቀጽ ያልበለጠ ጽሑፍ ግን ይቻላል።

ደረጃ 9፦ ክፍሉን ለሚቀጥለው መምህር ማስረከብ

በዓመቱ መጨረሻ ውጤት ብቻ ይተላለፋል፤ የተሳሳተ ግንዛቤ ግን ሳይመዘገብ አብሮ ይሻገራል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ገጽ ይዘጋጅ። በገጹ ላይ ተማሪዎቹ በጊዜ፣ በቦታና በማስረጃ ረገድ ያለ መምህሩ እገዛ ሊሠሩ የሚችሉት፣ ገና የሚያደናግራቸው፣ እንዲሁም የሠሯቸው የተግባር ሥራዎች ይጻፉ። «ጥላውን ለክተዋል፤ ስኬልን በ1፡100 ሠርተዋል፤ ከዓመተ ዓለም ወደ ዓመተ ምሕረት ሲሻገሩ አሁንም አንድ ዓመት ይጨምራሉ» የሚል ሦስት መስመር ለቀጣዩ መምህር ከአማካይ ውጤት ዝርዝር ይልቅ ይጠቅመዋል። ገጹ ከሠንጠረዡ ጋር ተያይዞ በትምህርት ክፍሉ ፋይል ይቀመጥ፤ አዲሱ መምህርም የመጀመሪያውን ሳምንት ዕቅዱን ከማውጣቱ በፊት ያንብበው።